ሬዲዮ ጆሮውን ያስመረመረ ጊዜ

ሥራው ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ሰፈሩ ግን «ሬዲዮ» ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣለት ሲጠየቅ በየጊዜው ሌላ ሰው ስለሚጠራ እውነቱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስሙ ግን ልክክ ብሎበታል። ጠዋት በሩን ከፍቶ፣ የትናንቱን ፀጉር ጠራርጎ፣ ማበጠሪያዎቹን አልኮል ውስጥ ነክሮ ሳይጨርስ ምላሱ ሥራ ይጀምራል። ማታ ሲዘጋም ከቁልፉ ጋር እየታገለ ያወራል።

እጁ ጥሩ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ይሁንና ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ለፀጉሩ ብቻ ነው ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ለምሳሌ ጡረተኛው ጎረቤቱን ውሰዱ። አናታቸው እንደ ብርጭቆ ነው የሚያበራው። ሆኖም በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ይቀመጡና «ጎን ጎኑን ብቻ» ይላሉ። ጎን የላቸውም። ሬዲዮም ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አስሮ፣ መቀሱን አየር ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ የሰፈሩን ዜና ያሰማቸዋል። ሁለቱም እንደ ተቆረጠ ቆጥረው በሰላም ይለያያሉ።

የሬዲዮ ዋና ጥበብ ግን የፀጉር ማሽኑ ላይ ነው። ወሬ የሚጀምረው ማሽኑ እየጮኸ ስለሆነ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ወሬው ጣፋጩ ቦታ ላይ ሲደርስ ማሽኑን ድርግም ያደርገዋል። ቤቱ ጭር ይላል። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨው ሰውዬ እንኳ መስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቃል። ሬዲዮ የማሽኑን ጥርስ እፍ ይላል፤ በብሩሽ ይጠርገዋል፤ ዘይት ጠብ ያደርግበታል። ሰው ሊፈነዳ ሲደርስ ብቻ መጨረሻዋን ይለቃታል። ሳቁ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። «እኔ ወሬ አልፈጥርም፤ አደርሳለሁ እንጂ» ይላል፤ ይህም ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ችግሩ ሆዱ ነገር አለመቻሉ ነው። ወሬ እሱ ዘንድ ካደረ እንቅልፍ ይነሳዋል።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ሰፈሩ «ሚጣ» ይላታል፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሱቁ በኩል ታልፋለች። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ዘላ ትወጣና አባቷ ፔዳሉን እየረገጠ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ ያደርጋታል። ፊቷ መስታወቱ ላይ ብቅ ሲል የቀን ውሎዋን ትዘረግፍለታለች። አንድ ቀን ታዲያ ወዲያ ወዲህ አይታ፣ ለማንም እንዳይናገር አስምላ አንድ ነገር አጫወተችው። ትምህርት ቤት የዘፈን ቡድን ውስጥ ናት። አጠገቧ የምትቆመው ልጅ ድምፅሽ ዘይት የጠማው የበር ማጠፊያ ይመስላል ካለቻት ወዲህ ሚጣ አትዘፍንም፤ ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ከሁሉ የሚያስቀው መምህሯ ናት። ሌሎቹን ልጆች እየተቆጣች «አፍ እንዴት እንደሚከፈት ከእሷ ተማሩ» ትላለች አሉ።

አባትና ልጅ ዕንባ እስኪያነቡ ሳቁ።

ሬዲዮ በማግስቱ ጠዋት እግዜር ይመስክርለት ታግሏል። ስለ አየር ጠባይ አወራ፤ ስለ ቧንቧ መበላሸት አወራ። ከሰዓት በኋላ አንድ ታክሲ ነጂ ደንበኛው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «ዛሬ ምን ሆነሃል፣ ባትሪህ አልቋል እንዴ?» አለው። በቃ። ማሽኑ ጮኸ፤ ወሬው ተጀመረ፤ መምህሯ ጋ ሲደርስ ማሽኑ ጠፋ። ታክሲ ነጂው ከሳቁ ብዛት ጨርቁን ይዞ ከወንበሩ ተንሸራተተ።

ሬዲዮ የረሳው አንድ ነገር ነበር። ታክሲ ነጂው ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት ልጆች ያመላልሳል። ልጆቹ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ወሬውን ከነመምህሯ ያውቁት ነበር። ሚጣን እያዩ ድምፅ ሳያወጡ አፋቸውን ይከፍቱ፣ ይዘጉ ጀመር። መምህሯም ቅር ብሏት ብቻዋን እንድትዘፍን አደረገቻት። ማጠፊያው ሲጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚጣ የምትቀመጠው ከተመልካቾቹ ጋር ሆነ።

ያን ዕለት ማታ ራት ላይ ሬዲዮ ልጁን ጨው እንድታቀብለው ጠየቃት። ሚጣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ጨውን አቀበለችው። «ምን አልሽ?» አላት። ደግማ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ወዲያው ወደ እናቷ ዞር ብላ ስለ ነገ የቤት ሥራ ጮክ ብላ ተናገረች። ሬዲዮ ከድንጋጤው የተነሳ ይህን እንኳ በቅጡ አልሰማውም። ዓመታት ሙሉ የማሽን ጩኸት ጆሮ ይበላል እያለ ለደንበኛ ሁሉ ሲናገር ኖሮ፣ አሁን የራሱ ተራ የደረሰ መሰለው።

ይህ እንግዲህ ሬዲዮ ጆሮውን ያስመረመረበት ጊዜ ነው። ሱቁን ዘግቶ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ጠባብ ሣጥን በምትመስል ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ገጥመው፣ ድምፅ ሲሰማ እጁን እንዲያወጣ ነገሩት። ገና መርማሪዋ ምንም ሳትለቅ እጁን አወጣ። ምን እንደሰማ ብትጠይቀው፣ ከውጭ ሁለት ነርሶች ስለ ሐኪሙ አዲስ ጫማ ሲንሾካሾኩ ሰምቶ ኖሯል፤ አንደኛዋ የሴት ነው ብላለች። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና፣ ጫማውን ወንበር ሥር ሸሸግ አድርጎ፣ «ጆሮህ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ሂድ» አለው።

ደስ ብሎት ወደ ቤት ሮጠ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሰው ቀሚስ ጫፍ ይዛ፣ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ አገኛት። የሐኪሙን ውጤት ሲነግራት ስፒሏን ሳታወጣ አየችው።

«ጆሮህ ምን ሆነና ነው? ልጄ አንተን ብቻ ነው ድምፅ የከለከለችህ። እንደ ዘፈን ቡድኑ ላንተም ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው።»

ሬዲዮ ተቀመጠ፤ የተቀመጠው የሰው ቀሚስ ላይ ነበር፤ ሚስቱም ምንም አላለችው፤ ነገሩ ምን ያህል እንደ ከበዳት በዚህ ይታወቃል።

ከዚያ ወዲህ ያላደረገው የለም። ከረሜላ ገዛ፤ አፏን አንቀሳቅሳ አመሰገነችው። ቀለደላት፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቀችበት። በመጨረሻ በአደባባይ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ፣ ሱቁ በሰው በተሞላበት ሰዓት ማሽኑን አጠፋና ልጁን እንደ በደለ ተናገረ። አዲስ ደንበኞች ምን አድርገህ ነው አሉት። ምን ያድርግ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከላቸው። መምህሯ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሳቁ ከበፊቱ በለጠ። ሚጣ ይህን ስትሰማ ለጥቂት ቀን ከንፈሯንም ማንቀሳቀስ ተወች።

የትምህርት ቤቱ ሰዎች እናቲቱን ጠርተው፣ ለልጅም ለአዋቂም የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥበት ቤት እንዳለ ነገሯት። ከመነጽር መሸጫው በላይ፣ ደረጃው ሰም ሰም የሚሸትበት ፎቅ ላይ ነው። ሚጣ ሄደች። ክፍሉ ውስጥ በአሸዋ የተሞላ ሣጥን፣ አሻንጉሊቶች፣ ቀለምና ወረቀት አለ፤ በምን እንደምትጫወት የምትመርጠው ራሷ ናት፤ ማውራት ካልፈለገችም ማንም አያስገድዳትም። ይህን ለእናቷ የነገረቻት አባቷ እየሰማ፣ ጮክ ብላ ነው። ወላጆቿም በየተራቸው አማካሪዋን ማነጋገር ከፈለጉ ይችላሉ አለች፤ እሷ ባለችበት ሰዓት ግን አይሆንም።

ሬዲዮ ሄደ። የመቆያ ክፍሉን በር ሲከፍት ማንን ቢያይ ጥሩ ነው? ጡረተኛውን። ሽማግሌው መጽሔት አንስተው ፊታቸውን ከለሉ፤ መጽሔቱን የያዙት ግን ዘቅዝቀው ነበር። ሬዲዮም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባሕር ሥዕል ዓሣ እንደሚፈልግ ሰው አተኩሮ አየ። ሁለቱም የማይተዋወቁ መስለው ሲቆዩ ላብ አጠመቃቸው።

አማካሪዋ በእሱ ዕድሜ የምትሆን፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። ማጅራቷ ጋ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ ሬዲዮ ይህን እንዳየ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተው። እሷ ግን በዝግታ አስረዳችው። ልጁ እዚህ የምትናገረው የልጁ ነው፤ እሱ የሚናገረው የእሱ ነው። ሰው ላይ አደጋ ሊደርስ ነው ብላ ካልሰጋች በቀር ከዚህ ክፍል ቃል አታወጣም። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከየት መጀመር እንደሚፈልግ ጠየቀችው።

«ኧረ እርስዎ ይጀምሩ እንጂ፤ አማካሪዋ እርስዎ አይደሉ?»

«ከፈለጉበት ይጀምሩ» አለችው፤ «የቤትዎን ነገር ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ሬዲዮ እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞት አያውቅም። የሰፈሩን ወሬ ከዳር እስከ ዳር አወራላት። ጣፋጩ ቦታ ላይ ሲደርስ ከልማዱ የተነሳ እጁ የሌለ ማሽን ያጠፋ ነበር። እሷ አንዴ ሳቀች፤ አንዴም ያ ወሬ የተወራበት ሰው ሲሰማ ምን እንዳለ ጠየቀችው፤ ሬዲዮ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። ሰዓቱ ሲያልቅ ውይይቱ እንዴት እንደነበር፣ በሚቀጥለው ምን ቢለወጥ እንደሚሻል እንዲነግራት ጠየቀችው። ወንበሩ ዝቅ ይላል አላት፤ ሌላ የሚያማርረው ስላጣ ነው። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ምክር የሌላት አማካሪ አይቼ መጣሁ አላት። ሰው ሲታመም ሐኪም ያዝለታል፤ መኪና ሲበላሽ መካኒኩ ይፈታዋል፤ ይቺ ግን ከየት እንጀምር ትላለች፤ እኔ ደንበኛዬን ከየት ልቁረጥህ ብለው ይሄድ የለም ወይ? ሚስቱ ስፒሏን አወጣች፤ አሰበች፤ መልሳ ነከሰችው።

በማግስቱ ጡረተኛው ሱቁ መጡ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። አግዳሚው ላይ ታክሲ ነጂው አለ። ሽማግሌው መስታወቱ ውስጥ የሬዲዮን አፍ ብቻ ነው የሚያዩት። ሬዲዮ ትናንት የት እንዳገኛቸው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ እውነት ለመናገር ከጥርሱ አልፎ ግማሹ ወጥቷል። ማሽኑን አጠፋ። ታክሲ ነጂው አንገቱን አሰገገ። ሬዲዮ የማሽኑን ጥርስ እፍ አለ፤ ጠረገ፤ ዘይት አደረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

«ጎን ጎኑን ብቻ፣ ጋሼ?» አለ በመጨረሻ።

ጡረተኛው ከረጅም ትንፋሽ በኋላ «ጎን ጎኑን ብቻ» አሉ። ሲወጡ፣ ታክሲ ነጂው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ራሳቸውን በእጁ የነካቸው ሰው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ያን ነገር ደግሞ እዚያ ፎቅ ላይ ሳይናገሩ በፊት ራሳቸውም እንደማያውቁት ነገሩት። ሬዲዮ ይህን ለማንም አልተናገረም። ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳኛል ብሎ ፈራ፤ ግን ተኛ።

ይህ ማለት ግን ተለወጠ ማለት አይደለም። ሚጣ ቀጠሮ ባላት ቀን ሚስቱ ሥራ በዝቶባት እሱ አደረሳት። ልጅቷ እንደገባች ለሁለት ሰው የሚበቃውን ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። የሰማው አሸዋ ሲፈስ ነው። ከዚያ ሚጣ ከት ብላ ሳቀች። ሬዲዮ ያን ሳቅ ከሰማ ቆይቷል፤ በሩን ተደገፈ። በሩ ደግሞ በደንብ አልተዘጋም ኖሯል። አባት በጉልበቱ አሸዋው ሣጥን አጠገብ ደረሰ።

ማንም አልጮኸበትም። አማካሪዋ ሚጣን ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጠየቀቻት። ሚጣም አስባ፣ ኮሪደሩ ላይ እውነተኛ ሬዲዮ ተከፍቶ እንዲቀመጥ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ሥር አንዲት አሮጌ ሬዲዮ ዜና እያነበበች ትውላለች፤ የሚያዳምጥ ሁሉ ከእሷ በቀር አይሰማም።

የራሱ ቀን ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ወንበሩ ከፍ ብሏል፤ ሁለት ወፍራም ትራሶች ተደርበውበታል። ሬዲዮ ሲቀመጥ እግሩ ከመሬት ሊለቅ ምንም አልቀረው። ዕድሜ ልኩን የሰው ወንበር ከፍ ሲያደርግ ኖሯል፤ ለእሱ ከፍ ያደረገለት ሰው ግን አያስታውስም። ወሬ አልጀመረም። እናቱ ቤት ልጅ በልጅ ላይ እንደነበር፣ አትክልት እየመረጠች ቀና ብላ የምታየው ወሬ ይዞ የገባውን ልጅ ብቻ እንደነበር ተናገረ። ወሬ ካለህ እጇን ከሥራው ታነሳለች። ከሌለህ ሽንኩርቱን ታያለህ።

አማካሪዋ ሚጣ ያን ምስጢር ስትነግረው ማሽኑ እየጮኸ እንደነበር ጠየቀችው።

«ማሽኑ? እሷ ስትመጣ ማሽን የለም» አለ። «ወንበሩ ባዶ ሲሆን ነው የምትመጣው። እሷ ስትናገር እጄን ሁሉ ከሥራው አንሥቼ…»

እዚያ ላይ ሬዲዮ ተቋረጠ። ዕንባው ቀደመው። አማካሪዋ አልቸኮለችም፤ መሐረብ እንኳ ገፋ አላደረገችለትም፤ የመሐረቡ ሣጥን የት እንዳለ ያያል።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አሁንስ ምን ላድርግ አላት። እሷም አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ በመጀመሪያ ምን እንደሚለው ጠየቀችው።

«እንዴት ላድርግልህ እለዋለሁ።»

«እሱ ካላወቀውስ?»

«ጥቂት ቆርጬ አሳየዋለሁ። ተወው ካለኝ እተወዋለሁ። የእሱ ራስ ነዋ።»

ደረጃውን ወርዶ መነጽር መሸጫው ፊት ለፊት ሲደርስ የተናገረው ነገር ለራሱ ተሰማው። ከረሜላ ሲገዛ፣ ሲቀልድ፣ በአደባባይ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ልጁን እንዴት ላድርግልሽ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቃትም። ያን ዕለት ማታ ጠየቃት። ሚጣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ሬዲዮ ምን አልሽ አላለም፤ ጎንበስ ብሎ ከንፈሯን አየ። ብዙ ታገለ። «አስብበታለሁ» ነው ያለችው፤ ወይም እንደዚያ የሚመስል ነገር።

አሰበችበትም። ከጥቂት ቀጠሮ በኋላ አማካሪዋ፣ ሚጣ አባቷ አብሯት እንዲገባ መፍቀዷን ነገረችው፤ ሦስቱ የተስማሙበት ቅድመ ሁኔታም ነበር። ድምፅ ማውጣት አይችልም።

ክፍሉ ሲገባ አንዲት ወንበር ተዘጋጅታለች። ሚጣ ፎጣ አንገቱ ላይ አሰረች፤ አጥብቃ ነው ያሰረችው። ማበጠሪያዋ እርሳስ ነበረች፤ መቀሷ ግን ወረቀት የምትቆርጥበት እውነተኛ መቀስ ናት። ከኋላው ቆማ፣ ሁለት እጇን ራሱ ላይ አድርጋ፣ አማካሪዋ በያዘችላቸው ትንሽ መስታወት ውስጥ አየችው። ያለ ድምፅ እንዴት ላድርግልህ አለችው። እሱም ያለ ድምፅ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ እንደ ፈለግሽ አላት። ሚጣ ከፊት ለፊት፣ ልክ ከግንባሩ በላይ፣ አንድ ጭብጥ ፀጉር ይዛ ከሥሩ ቀጨችው። አማካሪዋ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሬዲዮ የወደቀውን ፀጉር ጭኑ ላይ አየ። ከዚያ መስታወቱን እያየ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ይቅርታ፣ የኔ እናት፣ ያንቺን ነገር ሸጥኩት አለ። ትንፋሽ እንኳ አልወጣውም።

ሚጣ መቀሷን አወረደች።

«አልሰማሁም» አለች። «ጮክ በል።»

ድምፁ የእሷ ነበር፤ ሲጥ የሚለው፣ የማጠፊያው። ሬዲዮ ጮክ ብሎ ለመናገር ቢሞክርም የወጣው ድምፅ ከእሷ የባሰ ነበር፤ ዝገት በዝገት። ሚጣ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ጨረስክ ወይ ብላ አጣራች፤ ጨርሷል። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ እጇን አፏ ላይ ጋርዳ፣ ሌላ ምስጢር ነገረችው። ረጅም ነበር። አማካሪዋም አልሰማችም።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ የሆነውን አስቡት። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ግንባሩ ላይ አይጥ የበላው የመሰለ ጉድጓድ ይዞ በሩን ከፈተ። ሙሉውን ተላጭቶ መገላገል ይችል ነበር፤ ግን የሰው ሥራ ነውና አልነካውም። በዕድሜው እንዲህ ያለ ወሬ እጁ ገብቶ አያውቅም፤ አሸዋ አለበት፣ መቀስ አለበት፣ ዕንባ አለበት፤ ማሽኑን የት ላይ እንደሚያጠፋ ሳይቀር ያውቃል። ታክሲ ነጂው ገና ከበሩ ጮኸ። ምን ሆነህ ነው አለው። ሬዲዮ ምንም አለ። ሚስትህ ናት አለው። ሬዲዮ ዝም። ተኝተህ ማሽኑ ላይ ወደቅህ አለው። ሬዲዮ ጨርቁን አራገፈ። ወሬ ሲያጣ ወሬ የሚፈጥረው ሰፈር ደግሞ ሥራውን ቀጠለ፤ ሳይመሽ በፊት ሬዲዮ ማንነቱ ከማይታወቅ ሰው ጋር በመቀስ ተጣልቶ፣ የሰውዬው ጆሮ እንደ ተቆረጠ ተረጋግጦ ነበር። ሬዲዮ በሌላው ላይ ሲያደርስ የኖረው ሁሉ ዞሮ በእሱ ላይ ደረሰ፤ ያማል። የሰው ፂም እያስተካከለ በሩን በሩን ያይ ነበር። ሚጣ በዚህ በኩል እንደምታልፍ ያውቃል። አንዲት ቃል ካመለጠችው ደግሞ ለዘለዓለም ድምፅ እንደሚቋረጥበት ያውቃል።

አለፈች። ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመች። አባቷን አልጠየቀችም፤ የምታውቀውን ምንጭ ነው የጠየቀችው።

«አባዬ ምን አለህ?» አለችው ታክሲ ነጂውን።

«ያንቺ አባት? ተበላሽቷል! ቀኑን ሙሉ ስቀጠቅጠው ዋልኩ፤ ጭጭ።»

ሚጣ ወደ ጡረተኛው ዞረች። እሳቸውም ወንበሩ ላይ ሆነው፣ ጨርቃቸውን እንደ ታሰሩ፣ አባትሽ ዛሬ ስለ ቧንቧ ብቻ ነው ያወራው ብለው መሰከሩላት። ከዚያ ያልተቆረጠ ጎናቸውን እየዳሰሱ ተነሡ፤ ወንበሩን ለቀቁላት። ሚጣ ቦርሳዋን አውርዳ ዘላ ወጣች። ሬዲዮ ፔዳሉን ረገጠ፤ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለች። ፊቷ መስታወቱ ላይ ወጣ። አግዳሚውን አየች፤ ሰው ሞልቶታል፤ ሁሉም የአባቷን ግንባር እያየ ነው። ዓይኗ ላይ ሬዲዮ የሚያውቀው ነገር ብልጭ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ራሱ መስታወት ላይ ነው የሚያየው።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች። «ልናገር?» አለችው አባቷን፤ «ከየት ልጀምር?»

«ከፈለግሽበት» አላት።

ከወንበሩ ላይ ሆና፣ በዚያ ሲጥ በሚል ድምፅ፣ ተናገረች። አባቷ በሩን ገፍቶ በጉልበቱ የገባበት ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤ ብሩሹን አንሥታ ጉልበቷን ጠረገች፤ እፍ አለች። አግዳሚው ሊፈነዳ ሆነ። ታክሲ ነጂው ይቺን ጨርሻት እያለ ተነሥቶ ቆመ። ሬዲዮ ብቻ እጁን አጣጥፎ፣ መጨረሻውን እንደማያውቅ ሰው፣ ይጠብቃት ነበር። ስትለቃት ሳቁ መንገዱን ተሻገረ፤ ሬዲዮም በራሱ ላይ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ።

ስለ ሁለተኛው ምስጢር አልተናገረችም፤ ጆሮው ላይ አንድ ነገር እንደ ነገረችው ግን አምልጧት ተናግራለች። ሚጣ ወደ ቤቷ ከሄደች፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ጡረተኛው ወደ ኋላ ቀሩ። እርስ በርሳችን ነው፣ እኔን ታውቀኛለህ፣ ልጅቷ ምን አለችህ ብለው ተጠጉት።

ሬዲዮ ግራ ቀኝ አየ። ማሽኑን አጠፋ። ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ አለና፣ ረጅም ነገር እንደሚናገር ሰው፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ቅንድቡን እየሰቀለ፣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ።

ጡረተኛው በማግስቱ ሐኪም ቤት ታይተዋል፤ ጆሯቸውን ሊያስመረምሩ።